ምዕራፍ አምስት፦ በውሃ መካከል የቆመ ቤት

ጎንደርን ከጥምቀት ሰሞን ውጭ የሚጎበኝ እንግዳ የፋሲለደስ መዋኛ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። በፖስት ካርድና በቴሌቪዥን የለመደው ባለ ሁለት ደርብ ግንብ በውሃ የተከበበ ነበር፤ እዚህ የሚያገኘው ግን ወለሉ የደረቀ፣ ርዝመቱ 50 ሜትር ገደማ የሆነ የድንጋይ ገንዳ ነው። ግንቡ ከገንዳው ውስጥ በቅስቶች ላይ ተነሥቶ ቆሟል። ከዳር ወደ በሩ የሚያሻግረው የድንጋይ ድልድይም ከሥሩ ምንም የለም። እንግዳው በአጥሩ ላይ የተጠመጠሙትን የዋርካ ሥሮች ፎቶ ያነሣና «ለመሆኑ ይህ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

አስጎብኚዎች ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ አላቸው። ንጉሡ የሚዋኝበት ነበር፤ ሕዝቡ የሚጠመቅበት ነው፤ ንጉሡ ከግቢው ሁካታ ሸሽቶ የሚያርፍበት ነበር። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ ጣል ይደረጋል። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ጎንደር በግንብ የታወቀች ከተማ ናት፤ ግንብ ሲባል ደግሞ ምሽግና ዙፋን ቀድሞ ይመጣብናል። ይህ ቤት ከዚያ ወገን አይደለም። ቤተ መንግሥቶቹ ካሉበት ግቢ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቀሐ ወንዝ አጠገብ፣ በሰፊ የታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ከውሃና ከዛፍ ጋር አንድ ሆኖ የታሰበ የዕረፍት ቤት ነው። ግንቡን ደጋግመን ጠግነነዋል፤ የአትክልት ቦታ መሆኑን ግን ረስተነዋል። ይህ ምዕራፍ ስለ ተረሳው ግማሽ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጣና ዳር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስፔናዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊኮቹ የኢየሱስ ማኅበር ሚሲዮናዊ) ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። ቋንቋ ቶሎ የሚይዝ፣ እጁ ሥራ የማይፈራ ሰው ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ወደዱት፤ በጎርጎራ ልሳነ ምድር ላይ፣ ከሦስት ወገን ሐይቁ በሚታይበት ቦታ፣ በ1614 ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አሠራላቸው። ለጠራቢዎቹ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየው፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚስተካከል ያስተማረው ራሱ ነው። የሀገሩ ሰው «ቤት ላይ ቤት» እያለ ሊያየው ይጎርፍ እንደነበር የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች ይናገራሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ጥርጣሬ አይከፋም፤ እንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ ከፓኤዝ መምጣት በፊት በዐፄ ሠርጸ ድንግል (1563–1597) ዘመን እንደተሠራ ይታመናልና። ሚሲዮናውያኑ ሁሉንም ነገር እኛ አመጣነው የማለት አመል ነበራቸው። ፓኤዝ በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞተ።

ለእኛ ጉዳይ ከጎርጎራ ይልቅ አዘዞ ይበልጣል። ዛሬ አዘዞ የሚታወቀው በአውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ መንገደኛው ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ ጎንደር ከተማ ሲጣደፍ በአካባቢው ምን እንዳለ ሳያይ ያልፋል። ሱስንዮስ በዚህ ስፍራ ገነተ ኢየሱስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የሚዝናኑበት ቤትና የአትክልት ቦታም አሠሩ። የአትክልት ቦታው በግንብ የታጠረ ነበር። በመካከሉ ትልቅ የውሃ ገንዳ፣ በገንዳው መካከል ደግሞ ትንሽ ቤት ነበረ። ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ከ2006 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በጣና ዙሪያ ያሉትን የኢየሱሳውያን ፍርስራሾች ሲያጠኑ አዘዞንም ቆፍረዋል። የፋሲለደስ መዋኛን የሚያውቅ ሰው የአዘዞውን ገንዳ አቀማመጥ ሲሰማ የአባትና የልጅ ሥራ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። በትውፊቱ መሠረትም የአባትና የልጅ ነው። ሱስንዮስ ካቶሊክ በመሆናቸው በተነሣው የሃይማኖት ጦርነት ተሰላችተው መንግሥታቸውን በ1632 ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ሞቱ፤ የተቀበሩትም በገነተ ኢየሱስ፣ በአትክልት ቦታቸው አጠገብ ነው።

ታዲያ ገንዳ ቆፍሮ በመሃሉ ቤት መሥራት ከየት የመጣ ሐሳብ ነው? ብዙ ሰው «ፖርቱጋሎች» ብሎ ይገላገላል። ጎንደር ላይ መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ሁሉ ወደ ፖርቱጋሎች ይመራል። ግን ሚሲዮናውያኑ በቀጥታ ከሊዝበን የመጡ አልነበሩም። መነሻቸው በህንድ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ጎዋ ነበረች፤ ከእነሱ ጋር ግንበኛ፣ አናጢና ኖራ አቃጣይ ይመጣ የነበረውም ከዚያው ከህንድ ነው። በ1620ዎቹ በኢትዮጵያ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው ከህንድ የመጣ ባለሙያ እንደነበር ተጽፏል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያለ ኖራ የጎንደር ግንቦች አይታሰቡም፤ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ውሃ የሚቋጥር ገንዳ ሊሆን ደግሞ ከቶ አይችልም።

አሁን ወደ ጉጃራት እንሻገር። በአህመዳባድ ከተማ ካንካሪያ የሚባል በሰው እጅ የተቆፈረ ትልቅ ክብ ሐይቅ አለ፤ ያለቀው በ1451፣ በሱልጣን ቁጥቡዲን ዘመን ነው። በመካከሉ ደሴት አለች፤ በደሴቷ ላይ የአትክልት ቦታና የሱልጣኑ የበጋ ማረፊያ ነበረ፤ ከዳር ወደ ደሴቷ የሚያስገባው መንገድ በውሃው ላይ የተዘረጋ ነው። ፖርቱጋሎች ይዘውት የነበረው የዲዩ ወደብ ከዚሁ ከጉጃራት ጠረፍ ላይ ነው። የፋሲለደስ መዋኛ ቅርብ ዘመድ ከሊዝበን ይልቅ በዚህ አገር ይገኛል ብዬ አስባለሁ። ሙቀት በሚበረታበት አገር ንጉሥ የሚመኘው በውሃ ላይ የሚያልፍ ነፋስ ነው፤ ቤቱን ውሃው መሃል ማስቀመጥ ያንን ነፋስ ወደ ክፍሉ ማስገባት ነው።

ፋሲለደስ ሥልጣን እንደያዙ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። በ1633 እና በ1634 አብዛኞቹ ከአገር ወጡ፤ ከምጽዋና ከሱዋኪን ፓሻዎች ጋርም የካቶሊክ ቄስ እንዳያልፍ ስምምነት ተደረገ። የግንበኞቹን ሙያ ግን አላባረሩትም። በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። በ1648 የየመን መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚ የፋሲልን ቤተ መንግሥት አይቶ ሲጽፍ ያሠራው ባለሙያ ህንዳዊ እንደነበር ተናግሯል። መዋኛውን የሠሩት ማን ናቸው የሚለው ክርክር አለበት። ትውፊቱ ለፋሲለደስ ይሰጣል፤ ከታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ታላቁ ኢያሱ (1682–1706) ያደላሉ። ክርክሩ ለእኛ ብዙ አይለውጥም። ከአዘዞ የተነሣው ሐሳብ ከአንድ ትውልድ በላይ ኖሯል፤ ኢየሱሳውያኑም ከሄዱ በኋላ ኖሯል።

በዚሁ ዘመን፣ ከጎንደር እጅግ ርቆ፣ አንድ ሌላ ቤተሰብ በወንዝ አጠገብ ኩሬ እያስቆፈረ ነበር። በኪዮቶ ከተማ ዳርቻ ያለው የካትሱራ ቪላ የተጀመረው በ1615 ገደማ ነው፤ ያስጀመረው የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ወንድም ልዑል ሃቺጆ ቶሺሂቶ ነው። አባቱ ሲሞት ልጁ ቶሺታዳ ቀጠለው፤ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1662 ድረስ አስፋፋው። ዓመታቱን ከጎንደር ጋር ያስተያዩ፦ አባቱ የሱስንዮስ፣ ልጁ የፋሲለደስ ዘመን ሰዎች ናቸው። ኩሬው የሚሞላው ከካትሱራ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ነው፤ መዋኛው ከቀሐ እንደሚሞላው ማለት ነው።

ካትሱራ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የጃፓን የአትክልት ቦታ ምን እንደሆነ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ስፍራ አላውቅም። ግቢው 7 ሄክታር ገደማ ነው። ከእንጨት፣ ከወረቀትና ከሣር ምንጣፍ የተሠሩት ዋና ቤቶች ወንዙ ሲሞላ እንዳይጠለቁ ወለላቸው ከመሬት ከፍ ብሏል። ከዋናው ቤት ፊት ለፊት፣ ወደ ኩሬው የወጣ የቀርከሃ መደብ አለ፤ ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ጨረቃ ስትወጣ ተቀምጦ ማየት። በኩሬው ዙሪያ የሻይ ቤቶች ተበትነዋል። ሾኪንቴ በሚባለው ውስጥ ግድግዳው በሰማያዊና በነጭ ወረቀት እንደ ዳማ ሰሌዳ ተለብጧል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የተደረገ መሆኑን ለማመን ያስቸግራል።

የቦታው ምሥጢር ግን ቤቶቹ ላይ አይደለም፤ በመደበቁ ነው። እንግዳ ወደ ግቢው ሲገባ ኩሬውን ማየት ይጠብቃል፤ ኩሬው ወዳለበት አቅጣጫ ሲዞር ግን የሚያገኘው ግራና ቀኙ የታጠረ ጠባብ መሬትና ጫፉ ላይ የቆመች አንዲት አጭር የጥድ ዛፍ ናት። ዛፏ ሆን ተብላ ውሃውን ትጋርዳለች። መንገዱ ያልተስተካከሉ ድንጋዮች የተነጠፉበት ነው፤ እንዳይደናቀፍ ተጓዡ ወደ እግሩ እያየ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ሰፋ ብሎ እግር በሚያሳርፍበት ቦታ ቀና ሲል ያልጠበቀው የኩሬው ወገን ይገለጥለታል። ደግሞ ይሰወራል። በዚህ ዓይነት ኩሬውን ሲዞር አንድ ውሃ ብዙ ሆኖ ያያል፤ በአንዱ ጥግ የጃፓንን ዝነኛ የባሕር ዳርቻ በትንሹ የሚያስታውስ የድንጋይና የጥድ ቅንብር አለ። ጀርመናዊው አርክቴክት ብሩኖ ታውት በ1933 አይቶት ዓይኑን ማመን አቅቶት ነበር፤ አውሮፓ ካትሱራን በደንብ ያወቀችው በእሱ ጽሑፎች ነው።

ጎንደርና ካትሱራን የሚያገናኝ አንድ ሌላ ክር አለ። ወደ ጃፓን የገቡት ኢየሱሳውያንም መነሻቸው ጎዋ ነበረች። ፍራንሲስኮ ሐቪየር ካጎሺማ የደረሰው በ1549 ነው፤ ከፓኤዝ የቀደሙት ኢየሱሳውያን እነ ኦቪዬዶ ኢትዮጵያ የገቡት በ1557። ከአንድ ወደብ ወጥተው፣ ለአንድ አለቃ እየጻፉ፣ በሁለት አገር ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። ጃፓን በ1614 ክርስትናን ከለከለች፤ በ1639 ፖርቱጋሎችን ጨርሳ አስወጣች። ኢትዮጵያ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ተመሳሳይ በር ዘጋች። በካትሱራ ግቢ ካሉት የድንጋይ ፋኖሶች መካከል ኦሪቤ የሚባለው ዓይነት አለ፤ እግሩ ላይ ሰው የሚመስል ምስል ስለተቀረጸ ሕዝቡ «የክርስቲያን ፋኖስ» ይለዋል፤ ተደብቀው ያመልኩ የነበሩ ሰዎች ምልክት ነው ይባላል። ምሁራን ይህን ብዙም አይቀበሉትም። እኔም አልሟገትም፤ ወሬው ግን ሰዉ ያን ዘመን እንዴት እንደሚያስታውሰው ይናገራል።

በነገራችን ላይ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ሲጽፉ፣ የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ምሁራን ከጃፓን ሊማሩ የፈለጉት ፋብሪካውን፣ ትምህርት ቤቱንና ጦሩን ነበር። ጊዜው የግድ ይል ነበርና አይፈረድባቸውም። የአትክልተኛው ሙያ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ እስከ ዛሬም አልገባም።

ስለ ጥገና እንነጋገር። የካትሱራ ዋና ቤቶች ከ1976 እስከ 1982 ተጠግነዋል። የጃፓን ጥገና ለእኛ እንግዳ ነው፤ ቤቱን ክፍል በክፍል ይፈቱታል፣ እያንዳንዱን እንጨት ቁጥር ይሰጡታል፣ የበሰበሰውን በተመሳሳይ እንጨት ይተካሉ፣ መልሰው ይገጥሙታል። እንጨት ስለሚበሰብስ ሌላ አማራጭ የለም። በዚህ አሠራር ዋናው ሀብት የአናጢው እጅ ነው፤ እንጨቱ ቢቀየርም ሙያው እንዳለ ይቀጥላል። ይህ አስተሳሰብ አውሮፓ በ1964 በቬኒስ ካጸደቀችው የቅርስ ጥበቃ ሥርዓት ጋር አልገጥም ብሎ ብዙ አከራከረ፤ በ1994 በጃፓኗ ናራ ከተማ የወጣው ሰነድ «እውነተኛ ቅርስ» ማለት በየባህሉ እንደሚለያይ ዓለም አቀፍ እውቅና ሰጠው።

ጎንደር የድንጋይ ከተማ ስለሆነች ችግሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ጠላቱ ሲሚንቶ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶና አርማታ ጥቅም ላይ ውለዋል። ያኔ ዘመናዊና ጠንካራ መስሎ ታይቷል። ኖራ ግን ከሲሚንቶ የሚለይበት ነገር አለው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ያህል በሆነ ሙቀት ይቃጠላል፤ በውሃ ይፈታል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ከተለጠፈ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ፣ በወራትና በዓመታት፣ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ልስልስ ነው፤ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ እርጥበትንም ያስወጣል። ሲሚንቶ ቶሎ ይደርቃል፣ ከድንጋዩ በላይ ይጠነክራል፣ እርጥበቱን ከውስጥ ይዘጋል። የታፈነው ውሃ መውጫ ሲያጣ የሚሸረሽረው ድንጋዩን ነው፤ በተለይ በመስኮቶቹና በቅስቶቹ ዙሪያ ያለውን ለስላሳ ቀያማ ድንጋይ። ከጊዜ በኋላ በተደረጉ ጥገናዎች ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ መተካት ተጀመረ። በጥንቱ አሠራር ኖራ የሚያቦካ ግንበኛ ማግኘትና ማሠልጠን ግን ሲሚንቶ ከመግዛት እጅግ ይከብዳል። የጃፓኑ አናጢና የጎንደሩ ኖራ አቦኪ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በ1979 ነው፤ መዋኛውም፣ ጉዛራም አብረው ተካትተዋል። መዋኛው ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ውሃው ከቀሐ ተስቦ ገንዳው ይሞላል። ጥር 10 ቀን ከተራ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወርደው እዚህ ያድራሉ፤ በማግስቱ ውሃው ይባረካል፤ ወጣቶች ይዘላሉ። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ በአንድ ቦታ የድንጋዩም የበዓሉም መዝገብ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ይህ ክብርም ፈተናም ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል። ለአንድ ንጉሥና ለጥቂት ባለሟሎች ዕረፍት የታሰበ ግቢ በአንድ ቀን ስንት ሕዝብ ሊችል ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ከግድግዳ ጥገና እኩል የጥገና ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። ገንዳው ዓመቱን ሙሉ ይሞላ ማለቴ አይደለም፤ የቆመ ውሃ ትንኝ ያራባል፣ ግድግዳውንም ያረጥባል፣ የቀሐን ውሃ የሚፈልገውም ብዙ ነው። ግን ከቀሐ እስከ ገንዳው ያለው የጥንቱ ቦይ መስመር እንደ ግንቡ ቅርስ ተቆጥሮ ቢጠና፣ ቢጠረግና ለጎብኚ ቢታይ፣ ደረቁ ገንዳ ራሱ መናገር ይጀምራል። እንግዳው ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሲከተል «ይህ ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ግማሹ ይመለስለታል። አዘዞም እንዲሁ ነው፤ የአባቱን ገንዳ ሳያይ የልጁን የሚጎበኝ ሰው ታሪኩን ከመሃል ይጀምራል።

የሚቀረው ዛፉ ነው። በአጥሩ ላይ የወጡት የዋርካ ሥሮች ከድንጋዩ ጋር ተዋህደዋል፤ በአንዳንድ ቦታ ግድግዳውን ያፈረሱት እነሱ ናቸው፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ እንዳይወድቅ የያዙት እነሱ ናቸው። የካምቦዲያው ታ ፕሮም ቤተ መቅደስ ጠባቂዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል፤ ሁሉንም መቁረጥም ሁሉንም መተውም አልሆነላቸውም፤ ዛፍ በዛፍ መወሰን ነበረባቸው። ጎንደር ላይ የሚያሳስበኝ ግን ሥሩ ሳይሆን ዕድሜው ነው። እነዚህ ዛፎች ያረጃሉ። በካትሱራ ኩሬውን የምትጋርደው ጥድ ስታረጅ የምትተካት ሌላ ጥድ አስቀድማ ትዘጋጃለች፤ ቅርንጫፏ እየተገራ፣ ቁመቷ እየተለካ ታድጋለች። በመዋኛው ግቢ ከትልልቆቹ ዛፎች አንዱ ቢወድቅ በቦታው የሚቆም ችግኝ ከአሁኑ መተከል አለበት፤ ዋርካ ግድግዳ ለመጋረድ የሚበቃው ከተከለው ሰው ዕድሜ በኋላ ነውና።